በመኪና መድን ውል ውስጥ ያለ የግልግል አንቀጽ እስከ ምን ድረስ ያስገድዳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ሲና ነው። ሙሉ ሽፋን መድን የገባሁለት አይሱዙ የጭነት መኪናዬ ከጣርማ በር ቁልቁለቱን ሲወርድ በጭጋግ ምክንያት ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የጋራዥ ፕሮፎርማ አሟልቼ ባቀርብም መድን ድርጅቱ «የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ለዚህ መኪና ስለማይፈቅድ ጉዳቱ በውሉ አይሸፈንም» ሲል በደብዳቤ መለሰልኝ። ክስ ስመሠርት ደግሞ ጠበቃው «በውሉ መሠረት ጉዳዩ የሚታየው በግልግል ዳኞች ነው» ብሎ ተቃወመ። ውሉ አይሸፍንህም ያለኝ ድርጅት እንዴት በዚያው ውል ይከላከላል? ኒውዮርክ የሚኖረው ወንድሜ በእነርሱ ዘንድም የመኪና መድን ክርክር በግዴታ ወደ ግልግል እንደሚሄድ ነግሮኛል። በእኛ አገር ሕግስ ግዴታ ነው?

መልስ፦ የመኪና መድን ክርክር ሁሉ በግልግል ይታይ የሚል ሕግ በአገራችን የለም። እርስዎን ሊያስገድድ የሚችለው ፖሊሲውን (የመድን ውሉን ሰነድ) ሲቀበሉ አብረው የተቀበሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻዎቹ ገጾች በደቃቅ ፊደል የሚታተመው የግልግል አንቀጽ ነው። ይህን ዓይነት ስምምነት የሚገዛው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ሲሆን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን የቀድሞ ድንጋጌዎች የተካው ይህ አዋጅ ፍቺን፣ ወንጀልን፣ ግብርንና መሬትን የመሳሰሉ ጉዳዮች በግልግል እንዳይታዩ ሲከለክል የመድን ካሳን በስም አልጠቀሰም። ስለዚህ አንቀጹ በመድን ውል ውስጥ በመግባቱ ብቻ ዋጋ ቢስ ነው ብሎ መከራከር ብዙ አያራምድም።

እዚህ ላይ በአካባቢያችን የተለመደ አንድ መደናገር ማንሳት ይገባል። ግልግል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አገር ሽማግሌ ተቀምጦ ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅበትን ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ግን ያግባባል፤ ባይስማሙ ተነሥተው መሄድ ይችላሉ። የግልግል ዳኛ ማስረጃ ሰምቶ ይወስናል፣ ውሳኔውም እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር በውሳኔው ላይ ይግባኝ አይባልም፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲኖር ግን፣ ይህንኑ በስምምነት ካላስቀሩት፣ ለሰበር ማመልከት ይቻላል። እንግዲህ «ለሽማግሌ ይታይ» እንደተባሉ ቆጥረው በቸልታ እንዳይገቡበት።

ድርጅቱ እርስ በርሱ ተቃረነ ማለትዎ የሚያስገርም አይደለም፤ በሕግ ዓይን ግን ተቃርኖ የለም። ድርጅቱ ያለው ይህ አደጋ ከሽፋኑ ውጭ ነው እንጂ ውል የለንም አይደለም። ከዚህም በላይ የግልግል ስምምነቱ ከዋናው ውል ተለይቶ የሚቆም ራሱን የቻለ ስምምነት ሆኖ ይቆጠራል።

በእኔ አስተያየት የክርክርዎ ቁልፍ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፖሊሲዎን አውጥተው የአንቀጹን ቃል በቃል ያንብቡ። በመኪና መድን ውሎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው አንቀጽ ወደ ግልግል የሚልከው በሚከፈለው የካሳ መጠን ላይ የተነሣን አለመግባባት ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ጋራዡ የጠየቀውና ካሳ ገማቹ የተመነው ሳይገናኙ ሲቀሩ ማለት ነው። የእርስዎ ክርክር ግን ስንት ይከፈለኝ ሳይሆን ይከፈለኛል ወይስ አይከፈለኝም የሚል ነው። አንቀጹ ስለ መጠን ብቻ የሚናገር ከሆነ፣ ኃላፊነትን ጨርሶ የካደ ድርጅት በዚህ አንቀጽ ሊጠለል እንደማይገባው፣ የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይም በፍርድ ቤት መታየት እንዳለበት አጥብቀው ይከራከሩ። «ከዚህ ውል የሚነሣ ማንኛውም አለመግባባት» የሚል ከሆነ ግን መንገድዎ ጠባብ ነው፤ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘግቶ ወደ ግልግል እንዲሄዱ ማዘዙ አይቀርም።

ያም ሆኖ ፍርድ ቤቱ ይህን የሚያደርገው ተከሳሹ ተቃውሞውን በጊዜው ካነሣ ነው። ጉዳዩ በግልግል ሊታይ ይገባል የሚለው ተቃውሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 ከተዘረዘሩት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች አንዱ በመሆኑ፣ ድርጅቱ መጀመሪያ በፍሬ ነገሩ ተከራክሮ ቆይቶ ኋላ ያመጣው ከሆነ እንደተወው ይቆጠራል። የመከላከያ መልሱን ቅጂ ይመልከቱ።

ወደ ግልግል መሄድዎ ካልቀረ ከሁሉ የሚያሰጋዎ ጊዜ ነው። በመድን ረገድ እስከ ዛሬ ጸንቶ ያለው የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚመነጭ ጥያቄ በ2 ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል፤ አንዳንድ ፖሊሲዎችም ኃላፊነት የለብኝም ከተባለበት ቀን አንሥቶ የ12 ወር ገደብ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን ብይን እየጠበቁ እጅ አጣጥፈው አይቀመጡ፤ መብትዎን ጠብቀው፣ ጉዳዩ የግልግል ነው ቢባል ዳኛዎ ማን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ለድርጅቱ በአደራ ፖስታ ወይም በፊርማ ያስረክቡ።

ወጪውም ቀላል አይደለም። የዳኞቹ ቁጥር በውሉ ካልተወሰነ አዋጁ 3 ያደርጋቸዋል፣ አበላቸውንም የሚሸከሙት ተከራካሪዎቹ ናቸው። የተሰበረ ፍሬቻ ወይም የተጨረመተ በር ለማስከፈል 3 ዳኛ መሰየም ትርፉ ድካም ነው፤ ለተገለበጠ አይሱዙ እንኳ 1 ዳኛ ቢበቃና የሚሰማበትም ቦታ ከአዲስ አበባ ይልቅ ደብረ ብርሃን ቢሆን ለእርስዎ ይቀልላል። ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ። ድርጅቱ ዳኛ አልመርጥም ብሎ ቢያጓትት ፍርድ ቤት እንዲሾም ማመልከት ይችላሉ፤ የሚመርጠው ሰው ከድርጅቱ ጋር የሥራ ግንኙነት ካለውም ይህን የመግለጽ ግዴታ አለበት፣ እርስዎም ይነሣልኝ ሊሉ ይችላሉ።

ወንድምዎ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። በኒውዮርክ የመድን ሕግ፣ ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚከፈለውን ካሳ በተመለከተ፣ መድን ሰጪው ለጠያቂው ግልግልን በአማራጭነት የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጠያቂው ከፈለገ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በግዴታ ወደ ግልግል የሚሄዱት መድን ሰጪዎቹ ናቸው፣ እርስ በርሳቸው ያን ገንዘብ ሲጠያየቁ። የእኛው አንቀጽ ግን በተቃራኒው ደንበኛውንም ያስራል።

ጥያቄ፦ እናቴን ሸዋ ሮቢት ገበያ አጠገብ ሚኒባስ ገጭቷቸው እግራቸው ተሰብሯል። የባለመኪናው መድን ሰጪ «ውላችን የግልግል አንቀጽ ስላለው ክስ ማቅረብ አትችሉም» ይለናል። እውነት ነውን?

መልስ፦ አይደለም። እናትዎ ያንን ውል አልተዋዋሉም፤ የግልግል ስምምነት የሚያስረው የተስማማበትን ወገን ነው። መብታቸው የሚመነጨው ከባለመኪናው ፖሊሲ ሳይሆን፣ ባለመኪና መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ከሚደነግገው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 እና ከተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። የፖሊስ ሪፖርቱን፣ የሐኪም ማስረጃውንና የሕክምና ደረሰኞቹን ይዘው ክሱን ያቅርቡ፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው ጊዜም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ አንሥቶ 2 ዓመት ነው።