አንደኛ ላይ ባህር ዳርን ልሙላ ጎንደርን?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ተወልጄ ያደኩት ባህር ዳር ነው፣ ቤታችን ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ብዙም አይርቅም። ዘንድሮ ማትሪክ ተፈትኜ ከናቹራል ጥሩ ነጥብ አምጥቻለሁ። አሁን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሙሉ ስንባል አንደኛ ላይ ባህር ዳር ይሁን ጎንደር ብዬ ግራ ገብቶኛል። የምፈልገው ፋርማሲ ነው፣ ካልሆነ ላብራቶሪ። ሰው ስጠይቅ ሁሉም "ያው ናቸው" ነው ሚለኝ፣ ሁለቱም ትልቅ፣ ሁለቱም ከተማ ውስጥ፣ ሁለቱም ጋ ጤና አለ። አባዬ "እዚሁ ቤትሽ እየበላሽ ተማሪ፣ መንገዱንም አላምነውም" ይላል፣ ጓደኞቼ በሙሉ ጎንደር ሊሞሉ ነው። እማዬ እስካሁን ምንም አልተናገረችም ግን አንሶላና አልጋ ልብስ አውጥታ እያጠበች ነው። ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባት፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ እናትሽማ ወስናለች በይኛ!

እንግዲህ ያው ናቸው ያሉሽ ሰዎች ብዙም አልዋሹም። ሁለቱም የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተመደቡ ናቸው፣ ፍሬሽማን ላይ ምትማሪው ኮርስ እዛም እዚም ተመሳሳይ ነው፣ ስትጨርሺ ሚጠብቅሽ ኤግዚት ኤግዛምም ከ2015 ጀምሮ አገር አቀፍ ስለሆነ የጎንደሩም የኛውም ልጅ አንድ ፈተና ነው የሚቀመጠው። ስለዚ የማን ዲግሪ ይከብዳል የሚለውን እርሺው።

ልዩነቱ ያለው አነሳሳቸው ላይ ነው። ጎንደር ሲጀመርም ጤና ነው፣ እዚሁ ጣና ማዶ ደንቢያ ላይ ወባ ያን ሁሉ ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1947 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ፣ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስ፣ ሳኒታሪያን እያለ ማስመረቅ ጀመረ፣ ሌላው ሌላው ፋኩልቲ ኋላ ላይ የተጨመረ ነው። የኛው ደግሞ በሶቪየቶች እርዳታ በ1955 ከተከፈተው ፖሊ (ፖሊ ቴክኒኩ) እና መምህራን ከሚያሰለጥነው ፔዳ ነው የመጣው፣ ሁለቱ በ1992 ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፣ ጤናው ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው ማለት ነው። የመጨረሻ ልጅ ስል ደካማ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጥበበ ግዮንን የሚያክል ሆስፒታል ይዞ ማን ደካማ ይለዋል። ግን ጎንደር ላይ ከተለያየ የጤና ትምህርት ክፍል ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ቆላ ድባ ምናምን ወደ ህዝቡ ማውረድ የቆየ ልማድ ነው፣ ቲቲፒ ይሉታል፣ በዛ ያለፈ ባለሙያ ካገኘሽ ጠይቂው፣ ወሬው አያልቅበትም። ኢንጂነሪንግ ወይ ቴክስታይል ብትይኝ ኖሮ ባህር ዳር ብዬሽ እዚህ ጋ አቆም ነበር።

አሁን ግን አንድ የረሳሽው ነገር አለ። አሁን ምትሞዪው ዩኒቨርሲቲ ነው እንጂ ፋርማሲ አይደለም። ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከፍሬሽማን በኋላ በጂፒኤሽና በማትሪክ ውጤትሽ ተደምሮ ነው፣ ፋርማሲ ደግሞ የትም ብትሄጂ ፈላጊው ብዙ ነው፣ ጎንደር ላይማ ጤና ብሎ የመጣው ጎበዝ ሁሉ እዛው ነው የሚጠብቅሽ። ስለዚ እኔ አንቺን ብሆን የመጀመሪያውን አመት የት ቁጭ ብዬ አነባለሁ የሚለውን ነው ከሁሉም በፊት ማስበው።

ለዚህ ነው የአባትሽ "እዚሁ ቤትሽ" የምትለዋ ያልተዋጠችልኝ። እኔ ራሴ ቤቴ እየኖርኩ ነው የተማርኩት። እንጀራው ትኩስ ነው፣ ልብስሽ ይታጠባል፣ ኮስት ሼሪንጉም ምግብና ዶርም ካልተጠቀምሽ ይቀንሳል፣ ይሄን አልክድም። ግን ደብተሬን ልገልጥ ስል እንግዳ ይመጣል፣ ወፍጮ ቤት ትላኪያለሽ (እኔ ወንዱ ተልኬያለሁ አንቺማ)፣ ከዛ ቡና ይፈላል፣ ሶስተኛውን ሳትጠጪ መነሳት ነውር ነው። ልጆቹ ላይብረሪ ወንበር ይዘው እስከ እኩለ ሌሊት ሲያነቡ እኔ ታክሲ ሳይጠፋብኝ ብዬ 12 ሰአት ላይ እወጣለሁ። አንዴ የግሩፕ አሳይንመንት ሌሊት ዶርም ውስጥ ሰርተውት ጠዋት ስደርስ ስሜ ተጽፏል፣ መምህሩ "አንተ አቅርበው" ሲለኝ ሶስተኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር፣ ላብ ብቻ።

የመንገዱን ነገር ግን አባትሽ ልክ ነው። ሰላም ሲሆን በወረታ በአዲስ ዘመን አድርጎ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ተነስተሽ ምሳ ጎንደር ትበያለሽ፣ ሲዘጋ ግን ጎንደርም ሞያሌም እኩል ነው የሚርቀው። ለበአል እመጣለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። ጓደኞቼ ያልሽውን ደግሞ ከሂሳቡ አውጪው፣ የሚመድባችሁ ትምህርት ሚኒስቴር ነው፣ አንድ ላይ ሞልተው አንዷ ጅማ አንዷ ሀዋሳ የደረሳቸው ስንት አሉ።

እና ፋርማሲው የእውነትሽን ከሆነ ጎንደርን አንደኛ፣ ባህር ዳርን ሁለተኛ ሙዪ። አባትሽ አሻፈረኝ ካለ ባህር ዳርን አንደኛ አድርጊ ግን ቢያንስ ለፍሬሽማን ዶርም እገባለሁ ብለሽ ካሁኑ ተደራደሪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እመጣለሁ በይው፣ እሱም ይለዝባል።

ለእናትሽም ንገሪልኝ፣ ጎንደር ከኛ ከተማ በ300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ማታ ማታ ይበርዳል፣ አንሶላው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ትጨምርበት።