ወረቀት የለሽም ተብዬ ደጅ ቀረሁ

ውድ አዘጋጅ፣

ደጅ መጥናት ሰለቸኝ። የምሠራው ውሃ ማጣሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ስለካ ክሎሪን ስመረምር ነው የምውለው። በማታው ክፍለ ጊዜ አናሊቲካል ኬሚስትሪ ልመዝገብ ብዬ ብሄድ የሬጅስትራሯ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ጄኔራል ኬሚስትሪ አልወሰድሽም፣ ፕሪሪኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበትን ኮርስ) አላሟላሽም» አለችኝ። ሥራዬን ላስረዳት ስል «ቀጣይ!»። አንጀቴ አረረ። ቲትሬሽን እኮ፣ ጠብ እያደረጉ የአሲዱን መጠን ማወቁ፣ በእጄ የምሠራው ነው! ቡሬት (ጠብ ማድረጊያውን ቱቦ) ነክቶ የማያውቅ ልጅ ወረቀት ስላለው ብቻ ይገባል፣ እኔ በር ላይ እቀራለሁ። የጄኔራል ኬሚስትሪውን መጽሐፍ ራሴ አንብቤ ጨርሻለሁ፣ ሎጋሪዝም ያለባቸውን ጥያቄዎች ዘለል ዘለል ከማድረጌ በቀር። እና ሴትዮዋ ማን ስለሆነች ነው? ጓደኛዬ ደግሞ «ፎርሙ ላይ ወስጃለሁ በይና ሙይው፣ ማን ያጣራል» ትለኛለች። ልሙላው እንዴ?

ስሜ ይቆይ

እህቴ፣

አትሙይው። አንድ ቀን ትራንስክሪፕት አምጪ ይሉሻል፣ ያኔ የለፋሽበት ሁሉ ገደል ይገባል።

ሴትዮዋን ተያት፣ እኔን ያናደደችኝ እሷ አይደለችም። ፒኤች ስትለካ የምትውል ሰው ሎጋሪዝም እንዴት ትዘላለች? ፒኤች ራሱ እኮ ሎጋሪዝም ነው። ሜትርሽ ላይ ቁጥሩ ከ7 ወደ 6 ሲወርድ የሃይድሮጅን አዮኑ ክምችት 10 እጥፍ ጨምሯል፣ 5 ሲደርስ 100 እጥፍ። አናሊቲካል ውስጥ ደግሞ ባፈሩም (የፒኤች ለውጥን የሚቋቋመው ድብልቅ)፣ የቲትሬሽን ከርቩም በዚሁ ነው የሚሰላው። ደካማ አሲድን በጠንካራ ቤዝ ቲትሬት ስታደርጊ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ፒኤቹ ለምን ከፒኬኤው (የአሲዱ ጥንካሬ መለኪያ) ጋር እኩል እንደሚሆን ወረቀት ላይ ማሳየት ካልቻልሽ ቡሬት የለመደ እጅሽ አያወጣሽም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ። ወረቀት ብቻ ካለውና ሥራ ከሚያውቀው ምረጥ ብባል ሁሌም ሥራ የሚያውቀውን ነው የማስቀድመው፣ አድልዎ ከሆነም ይሁን። ግን መስኮቱ ጋ አትመለሺ፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው የተሰጠውን ዝርዝር ነው የሚያየው። ብዙ ቦታ በልዩ ሁኔታ የሚያስገባው ኮርሱን የሚሰጠው መምህር ወይም የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ነው። የላብ መዝገብሽን ይዘሽ ሂጂ። እንዳታለቃቅሺ። «የጄኔራል ኬሚስትሪን ማጠቃለያ ፈተና ስጡኝ፣ ካለፍኩ መዝግቡኝ» በያቸው። እምቢ ካሉሽ ጄኔራሉን ውሰጂዋ፣ ምን ይጠበስ፣ አንድ ሴሚስተር ነው።

ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ግን የዘለልሻቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ሥሪ። ለመነሻ፦ የ0.001 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች ስንት ነው? ካልኩሌተር ሳትነኪ። መልሱን ጻፊልኝ።