ትንንሽ ፎልቶች (ድንጋይ ተሰንጥቆ የተንሸራተተባቸው ስብራቶች) ሳይቆጠሩ ሲቀሩ የመሬት ቅርፊት መለጠጥ ምን ያህል ይጎድላል?

ጥያቄው፦ «በሳይዝሚክ መስመር (ሞገድ ወደ መሬት ተልኮ ሲመለስ በሚሳለው የከርሰ ምድር ምስል) ላይ የሚታዩትን ፎልቶች ደምሬ ያገኘሁት መለጠጥ፣ ከቅርፊቱ መሳሳት ከሚገመተው በጣም ያንሳል። የማይታዩትን ትንንሾች ልጨምር?»

ይጨምሩ፤ ግን በዘፈቀደ አይሁን። ሞገዱ በሴኮንድ 3000 ሜትር የሚጓዝ፣ ፍሪኩዌንሲውም 30 ኸርዝ ከሆነ የሞገዱ ርዝመት 100 ሜትር ነው። ትሮው (ቁልቁል የወረደበት ልክ) ከዚያ ሩብ፣ ማለትም ከ25 ሜትር በታች የሆነ ፎልት በአብዛኛው አይለይም።

የለዩአቸውን ፎልቶች በትሮው ደርድረው፣ «ከዚህ ልክ በላይ ስንት ናቸው» የሚለውን በሎግ-ሎግ ግራፍ (ሁለቱም ዘንጎች በሎጋሪዝም የተመዘኑበት) ይሳሉ። መስመሩ ቀጥ ያለበትን መካከለኛ ክፍል ብቻ ይውሰዱ። በትንንሾቹ በኩል የሚጎብጠው ስላልታዩ ነው፤ በትልልቆቹ በኩል ደግሞ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ። የዚያ ክፍል ተዳፋትነት «ሲ» ይባል። የጎደለው ትሮው የፎልቶቹ ብዛት፣ ሲባዛ በመቁረጫው ልክ (ሊለይ በሚችለው ትንሹ ትሮው)፣ ሲባዛ በሲ፣ ሲካፈል ለ(1 ሲቀነስ ሲ) ነው።

25 ሜትርና ከዚያ በላይ የወረዱ 20 ፎልቶች ካሉና ሲ 0.7 ከሆነ፣ የጎደለው ወደ 1167 ሜትር ይጠጋል። ዘመማቸው (ከአግድም ያዘነበሉበት ማዕዘን) 60 ዲግሪ ከሆነ በ1.73 (በ60 ዲግሪ ታንጀንት) ሲካፈል 674 ሜትር ያህል አግድም መለጠጥ ይወጣል። አደጋው ያለው ሲ ላይ ነው፦ 0.5 ቢሆን የጎደለው ትሮው 500 ሜትር፣ 0.9 ቢሆን 4500 ሜትር! ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ መቅረብ ራስን ማታለል ነው፤ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያለውን ይስጡ። 1 ከደረሰ ቀመሩ ይፈርሳል፤ ያኔ የትንንሾቹን ዝቅተኛ ልክ ራስዎ መወሰን አለብዎት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሳተላይት ካርታ ያገኘውን ሲ እዚህ ሲያስገባ ነው። በካርታ ላይ ተዳፋቱ በመስመር ላይ ካለው በ1 ያህል ይበልጣል። መለጠጡን በመቶኛ ለመግለጽም ለአሁኑ ርዝመት አያካፍሉ፤ መለጠጡ ተቀንሶ ለሚቀረው ለቀድሞው ርዝመት ነው።

ዘመሙም ቀላል ነገር አይደለም። 100 ሜትር ትሮው በ60 ዲግሪ 58 ሜትር ሲሰጥ፣ በ80 ዲግሪ 18 ሜትር ብቻ ነው።

መስመርዎ በወንጂ ፎልት ቀጠና (በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ) ወይም በአፋር ካለፈ፣ ትንንሾቹ ቢጨመሩም ልዩነቱ ላይዘጋ ይችላል። እዚያ መለጠጡን በከፊል የሚሸከመው ዳይክ፣ ማለትም በስንጥቅ ውስጥ የገባ ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የረዘመ ዳይክ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ያን ክፍተት የፎልት ቆጠራ አይዘው። ማግማው ቅርፊቱን መልሶ ስለሚያወፍረው፣ ከመሳሳት የሚገመተው መለጠጥም ራሱ ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል።