ራጁ «ደህና ነው» ተብሎ ጉልበት ሲከዳ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው፤ ጅማ ከተማ ባጃጅ እነዳለሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት ኳስ ስጫወት እግሬ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቴ ዞረ። «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቴ አበጠ። ራጅ ተነስቼ «አጥንትህ ደህና ነው» ተባልኩ። ወጌሻም አሽቶኛል። እብጠቱ ቀንሷል፤ የጅሬንን ቁልቁለት ስወርድ ግን ጉልበቴ ይከዳኛል። አንዱ አልትራሳውንድ፣ ሌላው ሲቲ ስካን፣ ሌላው ኤምአርአይ ተነሳ ይለኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። ጅማትም ሆነ ሜኒስከስ፣ ማለትም በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ልም አጥንት፣ አይታይበትም። የነገሩን ምልክት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ማለትም በጉልበት መሀል ጭንንና ቅልጥምን የሚያያይዘው ጅማት፣ መበጠሱን ያስጠረጥራል። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚመጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ደም ነው፤ ሜኒስከስ ብቻውን ሲቀደድ ግን እብጠቱ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ነው የሚታየው።

ከማሽን በፊት የአጥንት ሐኪም እጅ ይቅደም። ሐኪሙ ጉልበትዎን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አጥፎ፣ በአንድ እጁ ጭንዎን ይዞ በሌላው ቅልጥምዎን ወደ ፊት ይስባል፤ ከጤነኛው እግር ጋርም ያወዳድራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ጡንቻውን ስለሚያስጨንቀው ምርመራው ያታልላል። አሁን እብጠቱ ስለቀነሰ ይቀላል፤ ጭንዎን ማላላት ብቻ አይርሱ። የድሮውን ራጅም ይዘው ይሂዱ። በቅልጥሙ የላይኛው ጫፍ፣ በውጭ በኩል፣ ቀጭን የአጥንት ስባሪ ካለች በቀላሉ ትታለፋለች፤ ከተገኘች ግን ጅማቱ ለመበጠሱ ብርቱ ምልክት ናት።

አልትራሳውንድ ፈሳሽን፣ ከጉልበት ኋላ የሚወጣ ከረጢትን፣ ከጉልበት ሎሚው በላይና በታች ያሉትን ጅማቶች ጥሩ አድርጎ ያሳያል። መስቀለኛው ጅማት ግን ከአጥንት መሀል ስለተደበቀ በእሱ «ደህና ነው» ቢባሉ አይመኑ። ሲቲ ስካን የተሰበረ አጥንትን በቀጫጭኑ ከፍሎ ስለሚያሳይ ለቀዶ ጥገና ዕቅድ ጠቃሚ ነው። ቶሎ ስለተገኘ ብቻ መነሳት ግን ለእርስዎ ገንዘብ ማባከን፣ ጨረርም መቀበል ነው። የእርስዎን ጥያቄ የሚመልሰው በብርቱ ማግኔት የሚያነሳው ኤምአርአይ ነው፤ ጅማትን፣ ሜኒስከስን፣ ራጅ ያላየውን ስንጥቅና በአጥንት ውስጥ የተቋጠረ ደምን ጭምር ያሳያል። ጨረር የለውም፤ ለጉልበት በአብዛኛው በመርፌ የሚሰጥ ቀለምም አያስፈልገውም።

ወጪው ከባድ ስለሆነ አንዴ ሲነሱ በደንብ ይነሱ። በማዘዣው ላይ የትኛው ጉልበት እንደሆነ፣ እንዴት እንደተጎዳ፣ ስንት ሳምንት እንደሆነውና ምን እንደተጠረጠረ ይጻፍ፤ «የጉልበት ሕመም» ብቻ ከተባለ ምስሉን የሚያነበው ሐኪም በጭፍን ይፈልጋል። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ሳይነቃነቁ መተኛት ግድ ነው፤ ከተነቃነቁ ምስሉ ይደበዝዛል። የልብ ምት ማስተካከያ ካለዎት፣ ወይም ብየዳ ሠርተው ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ከመግባትዎ በፊት ይናገሩ። ጉልበት ውስጥ ያለ ብሎን ደግሞ የዙሪያውን ምስል ያበላሸዋል። ሲጨርሱ ሲዲውንም ይቀበሉ፤ ቀዶ ሐኪም ከወረቀቱ ይልቅ ምስሉን ማየት ይፈልጋል።

እስከዚያው ኳሱም እሽታውም ይቅር። የተበጠሰ ጅማት በማሸት አይገጥምም። ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረሱ፤ ያኔ የሚቀድመው ፎቶ ሳይሆን ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ መመርመር ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ሳትወድቅ ሁለቱም ጉልበቶቿ ለዓመታት ያሟታል። ኤምአርአይ እናስነሳት?

መልስ፦ መጀመሪያ ቆመው የሚነሱት ራጅ ይበቃል፤ «ቆመው» የሚለው ማዘዣው ላይ ይጻፍ። ተኝተው ከተነሱ ክብደት ስለማያርፍበት የጠበበው መገጣጠሚያ ሰፊ መስሎ ይታያል። በዚህ ዕድሜ ምንም በማያማቸው ሰዎች ጉልበት እንኳ የሜኒስከስ መቀደድ በኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ያንን አይቶ ወደ ቀዶ ጥገና መሮጥ አያዋጣም።