ኦስሎ ካሉት የሶማሌ ጓደኞቼ ያየሁትን ልንገርሽ

«አብራኝ የምትሠራ የሶማሌ ልጅ አለች፣ እዚህ ያደጉት ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ምን ይላሉ፣ ብጠይቃት ትቀየመኛለች ወይ?» ላልሽው እህቴ። እኔ ጅግጅጋ ነው ያደግኩት፣ ኦስሎ ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። ሶማልኛ ስለምችል ጓደኞቼ አብዛኞቹ ሶማሌዎች ናቸው።

ከማውቃቸው ወጣቶች ልጄን አስገርዛለሁ ያለች አልገጠመችኝም። ሶማሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 99 በመቶው ተገርዘዋል። እዛ የምትሰደበው ያልተገረዘችው ናት። እዚህ ማንም አይሰድባትም። ቁርኣን ውስጥ እንደሌለ ራሳቸው አንብበው ከእናታቸው ጋር የሚከራከሩም አሉ። ኖርዌይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፣ ልጅን ውጭ አገር ወስዶ ማስገረዝም ያስቀጣል። አያት ከሞቃዲሾ ደውላ ስትጨቀጭቅ «ያስሩኛል» ብሎ መገላገል ይቻላል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ «ሱና» የሚሉት ነው። ቆርጦ የሚሰፋውን፣ ፊርኦኒውን፣ ሁሉም ይጠሉታል። ሱናው ግን «ትንሽ ነው» ይባላል። ምኑ ነው ትንሽ? ምን ያህል እንደሚቆረጥ የምትወስነው ምላጩን የያዘችው ሴትዮ ናት። አንዷ ጓደኛዬ (እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች) «ያንቺ ሱና ነው» እየተባለች አድጋ፣ 24 ዓመቷ ላይ ሐኪም ሲያያት የተሰፋች ሆና ተገኘች። ሽንት ቤት ሩብ ሰዓት መቀመጥ የሴት ሁሉ ነገር ይመስላት ነበር። ሠርጓ ደርሶ እንኳን ለመከፈት ፈራች፣ ድንግል አይደለችም እንዳይሏት። ከተከፈተች በኋላ ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። እያለቀሰች ወጣች። «ድምፅ አለው እኮ» አለችኝ፣ ሽንቷን ማለቷ ነው።

ትቀየማለች ወይ ላልሽው፣ «ተገርዘሻል?» ብለሽ በምሳ ሰዓት ከጠየቅሻት አዎ፣ ልክም ናት። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት ጀምሮ ክረምት አገር ቤት ሊሄዱ ሲሉ ሁሉ ስለ ገላቸው ሲጠየቁ ነው የኖሩት፣ ስለ ትምህርታቸውና ስለ ሥራቸው የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። ደግሞ የነሱ ጉድ ብቻ አድርገሽ አታውሪው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተጠናው እኛም አገር ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል።

እኔ ለጓደኛዬ መጀመሪያ የነገርኳት የራሴን ነው፣ አንድም ነገር ሳልጠይቃት። ያን ቀን ዝም አለች። ሁለት ሳምንት ቆይታ ማታ ላይ ደወለችና «ሐኪም ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ።