በዝግታ መተንፈስ ከእምነቴ ያስወጣኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የልቤ ቫልቭ ጠቧል ተብዬ በፊኛ ሊከፍቱልኝ ቀን ቆርጠውልኛል። ነቅቼ ነው የሚሠሩልኝ። ፍርሃቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ነርሷ ዓይኔን ጨፍኜ በቀስታ መተንፈስን፣ ጡንቻዬን አጥብቄ መልቀቅን አስተማረችኝ። በእውነት ይቀለኛል። ታላቅ እህቴ ግን «ይሄ ዮጋ ነው፤ ጸሎት አይበቃሽም?» አለችኝ። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ኃጢአት አይደለም።

መፍራትሽም አለማመን አይደለም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወርዷል (ሉቃ. 22፥44)። አንቺ ብትፈሪ ምን ይገርማል?

ሰው ሲፈራ ልቡ ይፈጥናል። ቫልቩ ለጠበበ ልብ ደግሞ ይሄ ሸክም ነው፤ ደሙ በጠባቡ በር የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል። ነርሷ ያንን ልታረግብልሽ ነው። ጡንቻ አጥብቆ መልቀቁን ያዘጋጀው ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፤ አምልኮ የለበትም። ትንፋሹንስ ቢሆን በአዳም አፍንጫ እፍ ያለው ማን ሆነና? የባዕድ አምላክ ስም ጥሪ ካሉሽ ግን ያኔ እምቢ በዪ።

እህትሽ ጸሎትን ማንሳቷ መልካም ነው። ግን ለምን ይነጣጠላሉ? በ2001 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ዝቅ ብሏል። አንቺም መቁጠሪያሽን ያዢ። በልብሽ «እግዚኦ» ስትዪ በአፍንጫሽ ሳቢ፤ «መሐረነ ክርስቶስ» ስትዪ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ካዞረሽ አቁሚ፣ እንደ ልማድሽ ተንፍሺ። 41 ሳይሞላ እንቅልፍ ቢወስድሽ ደስ ይበልሽ። ዛሬውኑ ጀምሪ፤ አልጋው ላይ ስትወጪ አዲስ እንዳይሆንብሽ። እዚያ መቁጠሪያውን አስቀምጪ ቢሉሽም ጸሎቱ ከልብሽ አይወሰድም።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎች ሲሳሳቱበት ስለማይ። እህል ውኃ አትቅመሺ በተባልሽበት ሰዓት ጠበልም አትጠጪ፤ ተቀቢው። የደም ማቅጠኛሽን ሐኪሙ ሳያዝሽ አታቋርጪ። መቁረብ ከፈለግሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማክረሽ ቀደም ያለ ቀን ያዢ።

እህትሽም ያን ቀን ደጅ ቁጭ ብላ ያንኑ «እግዚኦ» ትበልልሽ። የክርስትና ስምሽን ላኪልኝ፤ በጸሎት አስብሻለሁ።