እህትህ በክረምት በትንሽ አውሮፕላን ትሂድ ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እህትህን መሥሪያ ቤቷ በነሐሴ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ጋምቤላ ሊልካት ነው። አንተ ደግሞ አሜሪካዊው የኮንግረስ አባል ሚኪ ሌላንድ ስለሞቱበት አደጋ አንብበህ እንቅልፍ አጥተሃል። «እነዚህን አውሮፕላኖች የሚጥላቸው ምንድን ነው? ሞተር ነው?» ብለሃል።

እኔ ፓይለት አይደለሁም። ግን አነስተኛ አውሮፕላን በሚያከራይ ድርጅት ውስጥ 11 ዓመት በረራ ሳሰናዳ ኖሬያለሁ። ቢሯችን ስታዲየም አካባቢ ነበር። ደንበኛ የምቀበለው፣ ሻንጣ የምመዝነው፣ የአየር ሁኔታውን ለፓይለቱ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

ሞተር ይቆማል፣ አልዋሽህም። በክረምት ግን እኔን የሚያስፈራኝ ደመና ነበር።

እነ ሌላንድ ከቦሌ የተነሱት ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። የሚሄዱት የሱዳን ስደተኞች ወደነበሩበት፣ ጋምቤላ ውስጥ ወዳለው ወደ ፉኝዶ መጠለያ ነበር። አውሮፕላኑ ትዊን ኦተር ነው። ሁለት ሞተር ያለው፣ አጭር የአፈር ሜዳ ላይ የሚያርፍ፣ ጠንካራ አውሮፕላን። 16 ሰው ተሳፍሮ ነበር። በምዕራብ በኩል በመጥፎ አየር ውስጥ ተራራ ገጩ። ፍርስራሹ የተገኘው ነሐሴ 7 ነው። አንድም ሰው አልተረፈም። ያኔ እንደ ዛሬው ከፊት ያለውን ተራራ በቀለም የሚያሳይ ስክሪን አልነበረም። ስለዚያ አደጋ ሳስብ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣብኝ ወሩ ነው።

ደመና ሁለት ዓይነት ሞት አለው። አንዱ ይኸው ነው፤ አውሮፕላኑ ደህና እየበረረ ከተራራ ጋር ይገናኛል። ሌላው አብራሪው ላይና ታቹ ሲጠፋበት ነው። ዓይን የሚይዘው ነገር ሲያጣ ጆሯችን ውስጥ ያለው ሚዛን ያታልላል። እየተጠማዘዝክ ሳለ ቀጥ ብለህ የምትሄድ ይመስልሃል። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 20 ሰዎች ላይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ወደ ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ ናቸው። ደመና ውስጥ የገቡ ያህል እንዲሆን ዓይናቸው ከውጭ ተጋረደ። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

አሁን የራሳችንን ልንገርህ። አንድ የነሐሴ ጠዋት አራት ደንበኞች ቢሮ መጡ። ስብሰባ አላቸው፣ ገንዘብ ከፍለዋል፣ የግድ ዛሬ መድረስ አለባቸው። አለቃችን ሁለቴ ደውሎ «ደንበኛ አታስቀይሙ» አለ። ካፒቴኑ ቡናውን ይዞ መስኮቱ ጋ ቆመ። ወደ እንጦጦ አየ። እንጦጦ የለም። ከአራት ኪሎ ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ነው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እስኪ እንሞክረው» አለ።

ከ50 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ። ቦሌ ልቀበላቸው ስሄድ የካፒቴኑ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ተሳፋሪዎቹ «ለምን መለስከን?» እያሉ ያጉረመርማሉ። እሱ ወደ ጎን ወሰደኝና በደመናው ቀዳዳ ከክንፉ በታች ቅጠል አየሁ አለኝ። ዛፍ አላለም። ቅጠል ነው ያለው።

ያን ቀን ስለ እኛ የሚጻፍ ነገር ቢኖር ኖሮ «መጥፎ የአየር ሁኔታ» ይባል ነበር። የአለቃው ስልክ፣ የደንበኛው ቁጣ፣ የኔ ዝምታ አይገባበትም። «አትሂድ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ይኼ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ክብደትም አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ እንደ መኪና በፒስተን የሚሠራ ተራ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፀሐይ ወጥታ 25 ዲግሪ ስትደርስ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ቆሞ 3,200 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይሆናል፤ እንጦጦ አናት ላይ እንደማለት ነው። መንደርደሪያው ይረዝማል፣ መውጣቱም ይከብደዋል። አንዲት ተሳፋሪ 15 ኪሎ ያለችኝ ሻንጣ ስመዝነው 27 ሆነ። ለዘመዶቿ በርበሬና ሽሮ ጨምራበት ነው። እናት ናት፣ አልፈረድኩባትም። ግን 12ቱን ኪሎ አስወረድኳት።

ስለዚህ ትሂድ ወይ ላልከው፣ ትሂድ። ግን ሁለት ፓይለት ያለውና በመሣሪያ ለመብረር የተፈቀደለት አውሮፕላን መሆኑን መሥሪያ ቤቷ ይጠይቅ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። በረራው ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል። አዲስ አበባ ብራ ሆነ ብላችሁ ደግሞ አትመኑ፤ ወለጋና ኢሉባቦር ላይ ዶፍ ሊሆን ይችላል። የሻንጣዋን ኪሎ እውነቱን ትናገር።

ከሁሉ በላይ ስብሰባዋን በደረሰች ቀን አታድርገው። ሁለት ቀን ክፍተት ትተው። ካፒቴኑ «ዛሬ አንሄድም» ካለ ደግሞ ቀድማ «እሺ፣ ነገ» የምትለው እሷ ትሁን። ያን ጠዋት ከአራቱ አንዱ እንዲህ ቢል ኖሮ ካፒቴኑ ቡናውን ጨርሶ ይቀመጥ ነበር።